ሰልቬጅ እና ሳልቫጅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ "እሰይ፣ አረፍሽ" ይለኛል። እኔ አላረፍኩም። ተናድጃለሁ። የተናደድኩበትን ለልጆቼ ልነግራቸው ስጀምር "እማ፣ ለአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ይሄ ሁሉ?" እያሉ ያቋርጡኛል። ስለዚህ እጽፈዋለሁ። ወረቀት ሰው አያቋርጥም።

ትምህርት ቤት ደጁን አልረገጥኩም። ቢስቲማ ልጅ ሳለሁ አባቴ ቁርአን ቤት ሰደውኝ አሊፍ ባን ለየሁ። የአማርኛውን ፊደል ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ቆጠርኩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ግን ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ከማሽን ነው። "ጉድ ሞርኒንግ" በይ ብትሉኝ እስካሁን አፌ ይተሳሰራል። ሪድ፣ ሼድ፣ ሹትል፣ ሰልቬጅ ካላችሁኝ ግን አገራቸውንም ዘራቸውንም ቆጥሬ እነግራችኋለሁ።

ይህን ያስተማሩኝ ጋሽ አያሌው ናቸው። የገራዶ ሰው ናቸው፤ ረዥም፣ ጠይም፣ የሽመና ማሽን አስተካካይ። አንድ ጆሯቸውን በጥጥ ይደፍናሉ፤ አንዱን ብቻ። "ሁለቱንም ብደፍን ማሽኑ ሲታመም አልሰማውም፤ ሁለቱንም ብከፍት የምታመመው እኔ ነኝ" ይሉ ነበር። ሥራውን የለመዱት ማሽኑን ከተከለው ፈረንጅ ሥር ሲላላኩ ነው። ያንን ፈረንጅ "ይሄ ቃል ምን ማለት ነው? ከየት መጣ?" እያሉ ስላሰለቹት አገሩ ሲገባ ወፍራም መዝገበ ቃላቱን ጥሎላቸው ሄደ። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲያወራ እሳቸው እሱን ያገላብጣሉ።

አዲስ ሰው ሲመጣላቸው ማሽን አያስነኩም። መጀመሪያ የዕቃውን ስም ያስጠራሉ። ከዚያ "እናቷ ማን ናት?" ይላሉ፤ የቃሏን ማለታቸው ነው። በኛ አገር ልጅ ሊዳር ሲል ዘሩ እንደሚጠየቅ እሳቸውም የቃልን ዘር ሳይጠይቁ አያልፉም።

እኔና ጦይባ በአንድ ሳምንት ነው የተቀጠርነው። ጦይባ የሐርቡ ልጅ ናት። ምላሷ ስለት ነው፤ እጇ ደግሞ ከምላሷ ይብሳል፤ የተበጠሰ ድር አይታ ስትቋጥር ዓይን አይከተላትም። የመጀመሪያ ቀን ጋሽ አያሌው ድሩ በመሃሏ የሚያልፍባትን የብረት ማበጠሪያ ነክተው፣

"ይቺ ማን ትባላለች?" አሉን።

"ማበጠሪያ" አለች ጦይባ።

"እሱ ለጠጉርሽ ነው። ይቺ ሪድ ትባላለች። እናቷ ማን ናት?"

"የፈረንጅ እናት አላውቅ። የኔዋ ሐርቡ ናት፤ ደመወዜን እየጠበቀች ነው።"

ጋሽ አያሌው ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። "ሪድ ማለት ሸምበቆ ነው" አሉን። "ድሮ በሸምበቆ ስንጥር ነበር የምትሠራው። ሰውነቷ ብረት ሆነ፤ ስሟ ግን ሸምበቆ እንደሆነ ቀረ።"

እንዲህ እንዲህ እያሉ ወደ ሥራው አስገቡን። መወርወሪያዋን ሹትል ይሏታል፤ የጥንት ትርጉሟ ፍላጻ ነው። እውነታቸውን ነው፤ አንድ ቀን ከማሽኗ አምልጣ ከራሴ በላይ ያለውን ግድግዳ ስትመታው አይቻለሁ። ድሩ ከሁለት ተከፍሎ ማጉን የሚያሳልፈው ክፍተት ሼድ ነው። ዛሬ ኮምቦልቻ ሼድ ብትሉ ሰው የሚያስበው ያንን ትልቁን የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። እሱ ሌላ ነው፤ እናቱ ጥላ ናት። የኛ ሼድ እናቱ መለያየት ናት። መልካቸው አንድ ነው እንጂ ዘራቸው አይገናኝም። ኮተን ሲሉ ግን ቀደምኳቸው።

"ይቺንስ አውቃታለሁ። ቁጥን ናት። አረብኛ ነው" አልኩ።

"ወስደውባችሁ ነዋ" አሉኝ። "ራስሽ ላይ ያለውን ሻሽም ወስደው ሳሽ ብለውታል። ደረታቸው ላይ በሰያፍ ያስሩታል።"

ያን ቀን ሻሼን እየዳበስኩ ወደ ቤቴ ገባሁ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ደስታዎች ነበሩን፤ ሁሉም ነገር ንዴት አልነበረም።

የቴምፕልን እናት ግን አላገኟትም። ቴምፕል ጨርቁን በግራና በቀኝ ዳሩን ነክሶ ወጥሮ የሚይዝ ጥርሳም ዕቃ ነው። "ከቤተ መቅደስ ጋር አንድ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አላመንኩም። አላውቀውም" አሉን። የማያውቁትን አላውቅም ማለታቸውን በጣም እወድላቸው ነበር።

አንዳንዱ ቃል ያናድዳል። ስፒንስተር ድሮ ፈታይ ሴት ማለት ነበር፤ ጥጥ ፈትላ በላቧ የምታድር። ውሎ አድሮ ባል ያጣች፣ ቆማ የቀረች ማለት ሆነ። ሾዲ ካረጀ ሱፍ እንደገና ተፈትሎ የሚሠራ ጨርቅ ነበር፤ ዛሬ የማይረባ ሥራ ሁሉ መሰደቢያ ነው። ይህን ሲነግሩን ጦይባ ሳቀች።

"እኛስ ምን እንላለን? ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ ብለው ይሰድቡታል፤ ከዚያ የሸመነውን ለብሰው ጁምዓ ይሄዳሉ።"

"እሑድም ይሄዳሉ" አሉ ጋሽ አያሌው።

ከቃላቸው ሁሉ የሚወዷት ሰልቬጅን ነበር። ጨርቅ ሲሸመን ማጉ በግራና በቀኝ ዞሮ የሚመለስበት ጠበቅ ያለ ጠባብ ዳር አለው። መርፌ ሳይቀመቅመው ራሱን በራሱ የያዘ ነው፤ አይተረተርም። እሱ ነው ሰልቬጅ። "ሰልፍ ራስ ነው፤ ኤጅ ዳር ነው፤ የራስ ዳር" ይሉናል። ጣቃ ሲመረምሩ መሃሉን አያዩም። ዳሩን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጨርቁን እንደ ገመድ በጣታቸው መሃል ያሳልፉታል። የላላ ቦታ ሲደርሱ ያቆማሉ። አንድም ቀን ተሳስተው አላየሁም።

ሳልቫጅን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ልባሽ ጨርቅ ነው። በፋብሪካችን ደግሞ መጋዘኑ የሚጣለውን ሁሉ ሳልቫጅ ይለዋል፤ ተቆራርጦ ለማሽን መወልወያ የሚሆነውን። የሷም እናት የተከበረች ናት፦ መርከብ ሲሰጥም ከባሕሩ አፍ ነጥቆ የሚወጣውን ዕቃ ማዳን ነው። ከጥፋት የዳነ ማለት ነው። እኛ ዘንድ ስትደርስ ጥፋት የተፈረደበት ሆነች።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

ሽመና ክፍል ውስጥ ሰው በጆሮው አይሰማም። ማሽኖቹ አንድ ላይ ሲነሡ አጠገብሽ ያለች ሴት ብትጮህ እንኳ የሚደርስሽ ንፋስ ነው። እኛ የምንሰማው በዓይን ነበር፤ ከንፈር እናነባለን። ጦይባና እኔ በአራት ማሽን ርቀት ላይ ሆነን ሰው እናማ ነበር። ይህን ለመልመድ ዓመት ይፈጃል። ከውጭ የመጣ ሰው ግን ደንቆሮ ነው፤ ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይጨምራል።

ሦስተኛ ልጄን ወልጄ አራስ ቤት ነበርኩ። አዲስ የፈረቃ አለቃ መጣ። ከመጋዘን የተዛወረ ሰው ነው፤ ሥራው ሁሉ ይግባ፣ ይውጣ፣ ይጣል ነበር። የጦይባ ማሽን ቴምፕሉ ተበልቶ ኖሮ ጨርቁ በአንድ በኩል ዳሩ ላላ። ይህ ተራ ነገር ነው። ቴምፕሉ ይቀየራል፤ የላላው ዳር ተከርክሞ ጣቃው በሁለተኛ ደረጃ ይሸጣል።

የሆነውን የነገሩኝ ጋሽ አያሌው ናቸው፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ ሊሉኝ መጥተው በራፍ ላይ ቆመው። የነገሩኝ እንዲህ ነው። ዳሩን ለአለቃው አሳይተው በማሽኑ ጩኸት መሃል "ሰልቬጅ ነው" አሉት። እሱ "ሳልቫጅ" ብሎ ሰማ። እሳቸው አዲስ ቴምፕል ሊያመጡ ዕቃ ቤት ሄዱ። ሲመለሱ መቀስ የያዙ ሰዎች የጦይባን ጣቃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆራርጠው መወልወያ አድርገውት አገኟቸው። በማግሥቱ ጦይባ ጨርቅ አበላሽታለች ተብላ ከማሽን ተነሥታ የጥጥ ብናኝ ጠራጊ ተደረገች። መጥረጊያውን ሲሰጧት ጋዋኗን አውልቃ ማሽኗ ላይ ሰቀለችና ወጣች። አልተመለሰችም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመኔን ባጭሩ ልበል። ከሽመና ወደ ጥራት ቁጥጥር ተዛወርኩ። ከሥሩ መብራት የበራበት ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ እያሳለፍኩ ነቁጡን፣ የጎደለውን ማግ፣ የዘይት ጠብታውን ስለይ ኖርኩ። ደመወዜን አልጽፍም፤ ጽፌ ማንን ላስቀና። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። አንዱ ደግ ነበር፤ አራስ ሴት ይፈቅዳል። አንዱ ቂጣችን ወንበር ሲነካ ያመዋል። ያ ከመጋዘን የመጣው ሹመት አግኝቶ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ወደ ደሴ ሄደ። በየቀኑ የጨርቅ ዳር በነካሁ ቁጥር እሱን እረግመዋለሁ። ቃሏንም እረግማታለሁ። ገበያ ስወጣ "ሳልቫጅ፣ ሳልቫጅ" ብሎ የሚጠራ ነጋዴ ሳይ መንገድ እቀይራለሁ። ሰው ያበደች ይለኛል።

ጋሽ አያሌውም ከዚያ ቀን በኋላ "እናቷ ማን ናት?" ብለው ማንንም አልጠየቁም። አዲስ ለመጡት "ይሄን ያዝ፣ ይሄን ፍታ" ብቻ ሆነ። እኔ ሐዘን ነው ብዬ አዘንኩላቸው።

ጦይባ ደሴ ገብታ ሸርፍ ተራ አካባቢ ልባሽ ጨርቅ መሸጥ ያዘች። በዒድ፣ በለቅሶ እንገናኛለን። የፋብሪካ ወሬ ካነሣሁ ግን "ዘሐራ፣ ይሄን ካመጣሽ ደህና ዋይ" ትለኛለች። አላነሣም።

ጡረታ ስወጣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ንግግር ሰጡኝ። ብርድ ልብሱ ይሻላል። ከዚያ ወዲህ እግሬ አላረፈም፤ አንድ ሳምንት ሐርቡ ልጄ ዘንድ፣ አንድ ሳምንት ደሴ ሆጤ ልጄ ዘንድ እላለሁ። በዚሁ መሃል ገራዶ ወርጄ ጋሽ አያሌውን ጠየቅኳቸው። አርጅተዋል። ደረታቸው ያፏጫል። ልጃቸው ፀሐይ ላይ አስቀምጣቸዋለች።

"ጦይባን ታገኛታለሽ?" አሉኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ሳንጨርስ።

"አገኛታለሁ።"

"እንግዲያ ይቺን ቃል አድርሺልኝ። ሰልቬጅ ነው ያልኩት በያት። ሳልቫጅ አላልኩም። ሥራሽን ቆሻሻ ነው አላሉም በያት። ይህን ሳታውቅ ብሞት አፈሩ አይቀለኝም።"

እንባዬ መጣ። ለካ እሳቸውም እንደኔ ቃሏን ተሸክመዋት ነው የኖሩት አልኩ። በማግሥቱ ሸርፍ ተራ ነበርኩ።

ጦይባ ከልብስ ክምር መሃል ተቀምጣለች። አንድ ሰውዬ ሹራብ አንሥቶ ያገላብጣል።

"ይሄ ለኔ ይሆናል?"

"ከሆድህ በቀር ለሌላው ይሆናል" አለችው። ሳቀና ገዝቶ ሄደ።

አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት። ሰልቬጅን፣ ሳልቫጅን፣ የራስ ዳርን፣ የመርከቡን፣ የማሽኑን ጩኸት፣ የዕቃ ቤቱን መንገድ። እንድትደግፈኝ እጇን ያዝኩ። አላቋረጠችኝም፤ ይህ ነው ያስፈራኝ። ጦይባ ሰው ሳታቋርጥ ሰምታ አታውቅም።

"ጨረስሽ?"

"ጨረስኩ።"

"እኔ ይሄን ዕቃ ከጅምላ ነጋዴ ስረከብ መጀመሪያ የማየው ምኑን ይመስልሻል? ዳሩን ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሰልቬጅ ማለታቸውን ያኔውኑ አውቄያለሁ። ከንፈራቸውን እያየሁ ነበራ።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው ይህን ሁሉ ዘመን?"

"አለቃው 'ሳልቫጅ?' ብሎ መለሰላቸው። ጮኾ ነው የጠየቃቸው። ባልደፈኑት ጆሯቸው በኩል ነው የቆመው። እሱን አልፈርድበትም፤ መጋዘን ያደገ ሰው ነው፣ ያላወቀውን ጠየቀ። እሳቸው ግን ሰምተዋል። አይደለም ይላሉ ብዬ ከንፈራቸውን አየሁ። መቀስ እስኪመጣ አየሁ። ተቆርጦ እስኪያልቅ አየሁ። ወላሂ አልተነቃነቀም።"

"ዕቃ ቤት ሄጄ ነበር ብለውኛል።"

"የትም አልሄዱም። እጃቸውን ኪሳቸው ከተው ቆመው ነበር።"

እሷ ልብስ ማጠፍ ጀመረች።

"የሠራተኛ ቅነሳ ወሬ ነበር ያን ሰሞን" አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር። "ልጆች አሏቸው። ከአዲስ አለቃ ጋር መነካካት ፈሩ። ይገባኛል። እኔም ሐርቡ እናት ነበረችኝ። ቃሏ ምን በደለችኝ ዘሐራ? ቃሏን ምን ልታደርግልኝ ታመጪልኛለሽ?"

ከዚያ ተነሥቼ እንዴት ሆጤ እንደደረስኩ አላውቅም። ልጄ ምሳ አቀረበች፤ አልበላሁም። ስንት ዓመት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ስረግም፣ አንድ ከንፈር ማንበብ ያልለመደ ሰው ስረግም ኖርኩ። ቃሏ ንጹሕ ናት። ሰውዬውም ጠይቆ ነበር። ሁሉን የሚያውቁት፣ ያስተማሩኝ፣ ከአባቴ ቀጥሎ ያከበርኳቸው ሰው ናቸው ዝም ያሉት። ዝም ማለታቸው ሳያንስ እኔን አራስ ቤት ድረስ መጥተው ዋሹኝ፤ ይኸው አሁን ደግሞ ውሸታቸውን ተሸክሜ እንዳደርስላቸው ላኩኝ። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። እኔ ድመት እንኳ የማልቆጣ ሰው ነኝ።

በማግሥቱ ጠዋት ገራዶ ወረድኩ። ጋሽ አያሌው ያው ፀሐይ ላይ ናቸው።

"ነገርሻት? ገባት? ሰልቬጅ ማለት እኮ ዘሐራ..."

"ጋሽ አያሌው፣ ቃሏን ይተዉአት። ያን ቀን ዕቃ ቤት ሄደው ነበር?"

ዓይናቸው ወደ መሬት ወረደ። ዶሮዎች አጠገባችን ይጭራሉ። ደገምኩት።

"ሄደው ነበር ወይ?"

"አልሄድኩም።"

"ለምን ዋሹኝ?"

"ለአንቺ ስነግር እንዲያ ሆኖ ወጣ። ከዚያ ለራሴም እንዲያው እየነገርኩት ኖርኩ። ጆሮዬ ሰምቶ ነበር። አይደለም ማለት አንድ ቃል ነው፤ አቃተኝ።" ደረታቸው አፏጨ። "አውፍ በይኝ።"

በኛ በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም አውፍ ይባባላል። የዚህችም ቃል እናቷ አረብ ናት፤ አባቴ "ንፋስ በአሸዋ ላይ ያለ ዱካ ሲያጠፋ ማለት ነው" ይሉን ነበር። አውፍ የተባለ ሰው እምቢ አይልም፤ ነውር ነው። እኔ ግን እምቢ አልኩ።

"የተቆረጠው የኔ ጣቃ አይደለም። ይነሡ።"

ልጃቸው ከቤት ወጣች። "እማማ ዘሐራ፣ አባዬ እኮ መንገድ አይችልም። ሐኪሙ..."

"ሚኒባስ ነው የሚሄደው፤ እሱ ይችላል" አልኳት። ልጅቷን ተቆጣሁ፤ ምንም አላጠፋችም።

ጋሽ አያሌው ራሳቸው ዘንጋቸውን ፈለጉ።

ሸርፍ ተራ ስንደርስ ገበያው ሞልቷል። ጦይባ ከሩቅ አየችን። አልተነሣችም። ጎረቤቷ ያለው ነጋዴ ሽማግሌ መሆናቸውን አይቶ በርጩማ አቀበለኝ። ከሥራቸው ላስቀምጥላቸው ስል፣

"አታስቀምጪያቸው" አለች ጦይባ። "ቆመው ነው ዝም ያሉት። ቆመው ይናገሩ።"

አንቱታዋን ግን አላነሣችባቸውም። ያ ነው ይበልጥ የከበደው።

"ጦይባ፣ አውፍ..." ብለው ጀመሩ።

"አውፍታው ይደርሳል ጋሽ አያሌው። መጀመሪያ ያን ቀን ያላሉትን ይበሉ።"

በሁለት እጃቸው ዘንጋቸውን ተደገፉ። ከንፈራቸው ደረቀ። ቀስ ብለው፣ በትንፋሽ ብቻ፣ "ይህ ጣቃ አይቆረጥም" አሉ። "ዳሩ ብቻ ነው የላላው። የማሽኑ ጥፋት ነው፤ የጦይባ እጅ አይደለም።"

አንድ አላፊ ጎንበስ ብሎ "የቱ ጣቃ ነው? ስንት ነው?" አለ።

"አይሸጥም" አለችው ጦይባ፣ ዓይኗን ከሳቸው ሳታነሣ። ከዚያ ለሳቸው፣ "አልተሰማም። ጮክ ይበሉ፤ ማሽኑ እየጮኸ ነው።"

ጋሽ አያሌው ትንፋሽ ወሰዱ። ጮኹ። ያ የታመመ ደረት ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ "አይቆረጥም" ብለው ጮኹ፤ "የጦይባ እጅ አይደለም፤ አይቆረጥም።" ተራው ሁሉ ዞረ። አንዲት ነጋዴ ሰው የተጣላ መስሏት ብድግ አለች። ሲሳሉ ቆዩ።

ጦይባ በርጩማውን በእግሯ ወደሳቸው ገፋ አደረገችው።

እሳቸው ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ፤ ገና አልበረደልኝም ነበር።